ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ያለ ቤት፦ የአንድ የጤና ጥያቄ ታሪክ

መግቢያ

በጅማ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ፣ ቤት መግዛት ለአንድ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ አንዴ የሚፈጸም ተግባር ነው። የቡና ሽያጭ ገቢ፣ የዓመታት ቁጠባ፣ የዕቁብ ዕጣና ከዘመድ የተገኘ ብድር ተደማምረው አንድ ግቢ ይሆናሉ። ገዢው ውል ከመፈረሙ በፊት የውሃውን፣ የመንገዱን፣ የካርታውንና የጎረቤቱን ነገር ይጠይቃል። ግቢው ከኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ወይም ከከፍተኛ ኃይል ተሸካሚ መስመር አጠገብ በሆነ ጊዜ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል። ይኸውም እንዲህ ያለው ጉርብትና ለጤና፣ ይልቁንም ለሕፃናት ጤና፣ ያሰጋል ወይስ አያሰጋም የሚለው ነው።

ጥያቄው በመጀመሪያ ለደላላ፣ ቀጥሎም ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይቀርባል፤ በመጨረሻ የሚደርሰው ግን ከሐኪም ዘንድ ነው። አንዳንድ ጊዜ ቤቱ ሳይገዛ ይደርሳል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቤቱ ከተገዛ ከዓመታት በኋላ፣ ልጅ ታሞ፣ እናትና አባት «ያ ቤት ይሆን?» እያሉ ራሳቸውን በሚወቅሱበት ሰዓት ይደርሳል። ሐኪሙ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ ክብደት ስላለው፣ ጥያቄው ከየት እንደመጣ፣ በምን መንገድ እንደተመረመረና ከምን እንደደረሰ ማወቅ ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን በታሪክ ቅደም ተከተል ይዳስሳል። የተለየ ምልክት ካልተደረገባቸው በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

መብራትና ከተማ

ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ መጀመሪያ የበራውም በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነበር። ከዚያ በኋላ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠሩት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች፣ በተለይም በ1932 ሥራ የጀመረው አባ ሳሙኤል፣ ብርሃኑን ከግቢ ወደ አዲስ አበባ ጎዳናዎችና ፋብሪካዎች አወጡት። በ1956 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ1960 ደግሞ 43 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የቆቃ ግድብ ሥራ ጀመረ።

ጅማ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከመግባቷ በፊትም የታወቀች የገበያ ከተማ ነበረች። ከ1878 እስከ 1932 በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ቤተ መንግሥቱ ከጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ደግሞ ከታች በሂርማታ ነበር። የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከተማይቱን የአንድ ሰፊ ግዛት መቀመጫ ስላደረጋት ሜዳው ላይ በፍጥነት ሰፋች። በመካከሏ የሚፈሰው የአወቱ ወንዝ ስሙን ካዋሳቸው ሰፈሮች አንዱ አወቱ መንደራ ነው። እንዲህ ባሉት ነባር ሰፈሮች ቦታ እየጠበበ ሲሄድ፣ አዲስ ቤት ፈላጊ ወደ ከተማው ዳር መውጣቱ የማይቀር ሆነ።

በዚያው ዘመን በብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች መብራት ማለት ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት የሚሠራ የናፍጣ ሞተር ነበር። ከሞተሩ አጠገብ የሚኖር ሰው የሚያማርረው በሚሰማው ጩኸትና በሚያሸትተው ጭስ ነበር። ከተሞቹ ከሩቅ ግድቦች ኃይል በሚያመጣው የተሳሰረ ሀገራዊ መስመር ውስጥ ሲገቡ ግን ሞተሩ ዝም አለ፤ በምትኩ ማከፋፈያ ጣቢያ መጣ።

ማከፋፈያ ጣቢያ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። በ132፣ በ230 ወይም በ400 ኪሎቮልት የሚመጣውን ኃይል በትልልቅ ትራንስፎርመሮች አማካይነት ወደ 33 ወይም 15 ኪሎቮልት ዝቅ አድርጎ ለከተማው ይልካል። ከዚያ በየመንደሩ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉት ትናንሽ ትራንስፎርመሮች ወደ 380ና 220 ቮልት አውርደው ለቤት ያደርሱታል። ጣቢያው ከተጠቃሚው እጅግ መራቅ ስለማይችል አብዛኛውን ጊዜ የሚተከለው በከተማ ዳር ነው። ከተማው ሲሰፋ ግን ያ ዳር መሐል ይሆናል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ቤቶች ወደ ጣቢያው ሄዱ እንጂ ጣቢያው ወደ ቤቶች አልመጣም። አዲሱ ጎረቤት በቀስታ ከማጉረምረሙ በቀር ጭስ የለውም። ሥጋቱም ከሚታየው ነገር ወደማይታየው የዞረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሠራተኛው የተነሣ ጥያቄ

የማይታየው ነገር ሁለት ነው። አንደኛው ከቮልቴጅ የሚመነጨው ኤሌክትሪካዊ መስክ ሲሆን፣ ግድግዳና ዛፍ በቀላሉ ያዳክመዋል። ሁለተኛው ከሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን የሚመነጨው መግነጢሳዊ መስክ ነው፤ እርሱን ግድግዳ አያግደውም፤ ርቀት ግን በፍጥነት ያዳክመዋል። ሁለቱም በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሱ ደካማ መስኮች በመሆናቸው፣ እንደ ራጅ ጨረር የሕዋሳትን ኬሚካዊ ትስስር የመበጠስ አቅም የላቸውም።

ስለ ጤና የመጀመሪያው ጥያቄ የተነሣው ከነዋሪዎች ሳይሆን ከሠራተኞች ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ የሶቪየት ኅብረት ተመራማሪዎች በ400ና በ500 ኪሎቮልት ጣቢያዎች የሚሠሩ ሰዎች የራስ ምታት፣ የድካምና የእንቅልፍ መታወክ ስሞታ እንደሚያሰሙ ዘገቡ። በዚህም መነሻ ሠራተኛ በብርቱ ኤሌክትሪካዊ መስክ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ የሚገድብ ደንብ ወጣ። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ባለሙያዎች በበኩላቸው በጣት የሚቆጠሩ የመስመር ሠራተኞችን ለዓመታት ተከታትለው ጉዳት እንዳላገኙ በ1967 አሳወቁ።

ከእነዚህ የጆንስ ሆፕኪንስ ባለሙያዎች አንዱ ኢንጂነር ዊልያም ኩወንሆቨን ነበሩ። እኚህ ሰው አስቀድመው የኤሌክትሪክ ድርጅቶች ሠራተኞች በንዝረት የሚሞቱበትን መንገድ ሲያጠኑ የኖሩ ናቸው። በ1960 ደረትን ሳይከፍቱ በእጅ በመጫን ልብን የማንቀሳቀስ ዘዴን ከባልደረቦቻቸው ጋር ለሕክምናው ዓለም ያበረከቱትም ከዚሁ ጥናት ተነሥተው ነው። ኤሌክትሪክ በሰው ላይ የሚያደርሰው የማያጠራጥር ጉዳት፣ ማለትም ንዝረትና ቃጠሎ፣ ስለ መስኮች ክርክር ከመነሣቱ በፊት የታወቀ ነበር። በኋላ ግን የሕዝቡ ትኩረት ከዚያ ርቆ ሄደ።

ዴንቨር፣ 1979

ጥያቄውን ከጣቢያ አውጥተው ወደ መኖሪያ ቤት ያመጡት ናንሲ ወርታይመር የተባሉ ተመራማሪ ናቸው። በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በዴንቨር ከተማ አካባቢ ከ1950 እስከ 1973 በካንሰር የሞቱ 344 ሕፃናት የኖሩባቸውን ቤቶች እየዞሩ ተመለከቱ። ከቤቶቹ ውጭ ያሉትን ትራንስፎርመሮችና የሽቦዎቹን ውፍረት መዝግበው፣ ካልታመሙ ሕፃናት ቤቶች ጋር አነጻጸሩ። ከፊዚክስ ባለሙያው ከኤድ ሊፐር ጋር በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ብዙ ፍሰት ከሚሸከሙ ሽቦዎች አጠገብ የነበሩ ሕፃናት በካንሰር የመሞታቸው ዕድል ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ እንደታየ ገለጹ።

ጥናቱ ብርቱ ትችት ገጠመው። በየቤቱ መግነጢሳዊ መስክ አልተለካም፤ የሽቦው ዓይነት እንደ መለኪያ ተወስዶ ነበር። መዝጋቢዋም የትኛው የታመመ ልጅ ቤት እንደሆነ ያውቁ ነበር። ይሁን እንጂ ጥናቱ አንድ ቁም ነገር አስጨብጧል። እስከዚያ ድረስ ሰው ሁሉ የሚፈራው ቮልቴጅን ነበር፤ ወርታይመርና ሊፐር ግን ትኩረቱን በሽቦው ውስጥ ወደሚያልፈው የፍሰት መጠን አዞሩት። ከዚህ በኋላ ለሃያ ዓመታት የተደረገው ምርምር ሁሉ የዚህ ጽሑፍ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥጋቱ ከሳይንስ ቀድሞ ገበያ ሲገባ

በሐምሌ 1990 ፖል ብሮደር የተባሉ ጸሐፊ በታዋቂው «ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ በኮነቲከት ክፍለ ግዛት ስለምትገኘው የጊልፎርድ ከተማ አንድ ጽሑፍ አወጡ። ጽሑፉ ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ባለች አንዲት አጭር መንገድ ላይ ብዙ የካንሰር ሕመምተኞች እንደተገኙ የሚገልጽ ነበር። የክፍለ ግዛቲቱ የጤና መሥሪያ ቤት የካንሰር መዝገቡን ከመረመረ በኋላ፣ የሕመምተኞቹ ብዛት ከሚጠበቀው የተለየ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። ካንሰር ብዙ ዓይነት ያለውና የተለመደ በሽታ በመሆኑ፣ በአንድ አካባቢ በአጋጣሚ ተሰብስቦ ሊታይ ይችላል። የሕመምተኞቹ ዓይነትና ዕድሜ ሲለያይ ደግሞ አንድ የጋራ ምክንያት ይኖራል ለማለት ያስቸግራል። ሆኖም ማስተባበያው እንደ ወሬው ሩቅ አልተጓዘም።

ሥጋቱ ወዲያውኑ ወደ ቤት ገበያ ገባ። በ1993 የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ መስመር በመሬቱ ላይ ያለፈበት ባለንብረት ካሣ ሲጠይቅ ሊያስረዳ የሚገባው የንብረቱ ዋጋ መቀነሱን መሆኑን ወሰነ፤ የገዢዎች ፍርሃት በሳይንስ ተገቢ መሆኑን እንዲያረጋግጥ አይገደድም። ውሳኔው አንድ እውነት ይገልጻል። የቤት ዋጋ የሚወርደው በበሽታ ብቻ ሳይሆን በበሽታ ፍርሃትም ነው። ስለዚህ ከማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ያለ ቤት ርካሽ ሆኖ መገኘቱ ጎጂነቱን አያረጋግጥም፤ ሥጋት የሌለበት ዋጋ መጠየቁም ደኅንነቱን አይመሰክርም።

በዚሁ ጊዜ ግራንገር ሞርጋን የተባሉ ምሁርና ባልደረቦቻቸው በ1989 ለአሜሪካ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ባዘጋጁት ጽሑፍ የመካከለኛ መንገድ አቀረቡ። ነገሩ እስኪለይለት ድረስ ብዙ ወጪና ችግር ሳያስከትል መራቅ በሚቻልበት መራቅ፣ ያለበለዚያ ግን ኑሮን አለማናጋት የሚል ነው። ይህ «አስተዋይ ጥንቃቄ» በብዙ አገሮች መመሪያ ውስጥ ገብቷል።

መዝገብ ያለው አገር የሰጠው መልስ

ጥያቄውን በጥራት ለመመርመር የቻሉት ጥሩ መዝገብ ያላቸው አገሮች ነበሩ። በስዊድን ማሪያ ፌይክቲንግና አንደርስ አልቦም ከ1960 እስከ 1985 ከ220ና ከ400 ኪሎቮልት መስመሮች በ300 ሜትር ክልል ውስጥ የኖሩትን ሁሉ ከሕዝብ መዝገብ አወጡ። ከእነርሱም መካከል የካንሰር መዝገቡ 142 ሕፃናትን ሲያሳይ 39ኙ የደም ካንሰር ወይም ሉኪሚያ ነበራቸው። በ1993 የታተመው ውጤት ከፍ ያለ መግነጢሳዊ መስክ በነበረባቸው ቤቶች የሉኪሚያ ዕድል ከፍ እንዳለ አሳየ። ነገር ግን ውጤቱ ያረፈው በጥቂት ሕፃናት ላይ ነበር። በ1997 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ሉኪሚያ የያዛቸውን 638 ሕፃናት ከ620 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ በየቤቱ መስኩን ለክተው፣ አስተማማኝ ግንኙነት እንዳላገኙ አስታወቁ።

የተለያዩት ውጤቶች አንድ ላይ የተመዘኑት በ2000 ነው። አልቦምና ባልደረቦቻቸው የዘጠኝ ጥናቶችን መረጃ አዋህደው 3,247 ሉኪሚያ የያዛቸውንና 10,400 ያልታመሙ ሕፃናትን መረመሩ። አማካይ መስኩ ከ0.4 ማይክሮቴስላ በታች በሆነባቸው ቤቶች የሚታይ ልዩነት አልነበረም። 0.4 ማይክሮቴስላና ከዚያ በላይ በሆነባቸው ግን የሉኪሚያ ዕድል ሁለት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ውጤት መሠረት የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2001 እጅግ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለውን መግነጢሳዊ መስክ በ«2ለ» ምድብ፣ ማለትም «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚባለው ክፍል አስቀመጠው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ባወጣው ሰፊ ግምገማም የመነሻ ምክንያትነቱ እንዳልተረጋገጠ፣ ሆኖም ጥርጣሬው ፈጽሞ እንዳልተወገደ ገለጸ።

እዚህ ላይ ሐኪም ሊይዘው የሚገባ አንድ ቁጥር አለ። ከ3,247 የታመሙ ሕፃናት መካከል ከ0.4 ማይክሮቴስላ በላይ በሆነ ቤት የኖሩት 44 ብቻ ነበሩ። የቀሩት 3,203 ሕፃናት፣ ማለትም ከመቶ 98 በላይ የሚሆኑት፣ የታመሙት መስኩ ዝቅተኛ በሆነባቸው ቤቶች እየኖሩ ነው። በበለጸጉት አገሮች ከ15 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ሉኪሚያ በዓመት ከ100,000 በግምት አራት ወይም አምስት ይይዛል። እጥፉ እውነተኛ ነው ቢባል እንኳ በአንድ ቤት ላይ የሚጨምረው ሥጋት እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ ልጃቸው ለታመመባቸው ወላጆች «ያ ቤት ነው» ብሎ መናገር የሚያስችል ማስረጃ የለም። ይህን በግልጽ መንገር ራሱ የሕክምናው ክፍል ነው።

ጥናቶቹም የራሳቸው ድካም አለባቸው። ለንጽጽር የሚጠሩት ጤነኛ ቤተሰቦች በፈቃደኝነት ስለሚገቡ፣ ድሆች ከታመሙት ወገን እንጂ ከጤነኞቹ ወገን ጥቂት ሆነው ይገኛሉ። ድሀ ደግሞ ከመስመር አጠገብ የመኖር ዕድሉ ይበዛል። ይህ ብቻውን ሐሰተኛ ግንኙነት ሊፈጥር ይችላል። በእንስሳት ላይ የተደረጉት ሙከራዎችም ሆኑ የሕዋሳት ምርምር ይህ ደካማ መስክ ካንሰር የሚያመጣበትን መንገድ አላሳዩም።

ርቀትና መጠን

ከእንግሊዝ የመጣ ሌላ ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያብራራል። በ2005 የታተመ ጥናት በእንግሊዝና በዌልስ ሲወለዱ ከከፍተኛ ኃይል መስመር በ200 ሜትር ውስጥ የነበሩ ሕፃናት የሉኪሚያ ዕድላቸው በ69 በመቶ ከፍ ብሎ እንደተገኘ አመለከተ። አስገራሚው ነገር፣ መግነጢሳዊ መስኩ ከንቱ በሚሆንበት ከ200 እስከ 600 ሜትር ርቀትም ዕድሉ በ23 በመቶ ከፍ ብሎ መታየቱ ነው። መስኩ በሌለበት ቦታ የታየን ውጤት በመስኩ ማሳበብ አይቻልም። በ2014 ጥናቱ በብዙ ዓመታት ተጨምሮበት ሲደገም፣ ከፍታው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የነበረ እንጂ በኋለኞቹ አሥርተ ዓመታት እየጠፋ የሄደ መሆኑ ታወቀ። የኤሌክትሪክ ጠባይ ከዘመን ዘመን ስለማይለወጥ፣ የተለወጠው ከመስመሮቹ አጠገብ የሚኖረው ሕዝብ ሁኔታ ሊሆን እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ጠቁመዋል።

ስለዚህ ከጣቢያው ያለው ርቀት ብቻውን አይበቃም፤ የመስኩ መጠን መታወቅ አለበት። ለሕዝብ የተፈቀደው ዓለም አቀፍ ገደብ በ1998 መመሪያ 100 ማይክሮቴስላ፣ በ2010 በወጣው ደግሞ 200 ማይክሮቴስላ ነው። ይህ ገደብ የተወሰነው የነርቭ መነቃቃትን ለመከላከል እንጂ ካንሰርን ታሳቢ አድርጎ አይደለም። ከከፍተኛ ኃይል መስመር ሥር መስኩ እስከ 20 ማይክሮቴስላ ሊደርስ ይችላል፤ ከ50 እስከ 100 ሜትር ሲራቅ ግን በማንኛውም ቤት ከሚገኘው መጠን ጋር ይስተካከላል። የማከፋፈያ ጣቢያ መሣሪያዎች መስክ ከአጥሩ ውጭ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይደክማል። ከአጥሩ ውጭ ከፍ ያለ መስክ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ መስመሮቹ ወደ ጣቢያው በሚገቡበትና በሚወጡበት በኩል ነው። ስለሆነም በጣቢያው ጀርባ በ40 ሜትር ያለ ቤት፣ ጣቢያውን ጨርሶ ከማያየው ነገር ግን ከገቢው መስመር ሥር ካለ ቤት ያነሰ መስክ ሊኖረው ይችላል።

በቤት ውስጥ ያለውም መዘንጋት የለበትም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኪሎዋት ስለሚወስድ በ220 ቮልት ከ15 አምፔር ያላነሰ ፍሰት ይስባል። በአውሮፓ የተለካ የኤሌክትሪክ ምድጃ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከ0.15 እስከ 0.5 ማይክሮቴስላ ያሳያል። ይህ ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ቢሆንም፣ መስኩ የጣቢያ ብቻ እንግዳ አለመሆኑን ያስረዳል።

ለጅማ የቀረበ ማስረጃ

የዴንቨርና የስዊድን ዓይነት ጥናት በጅማ ሊደረግ ቀርቶ ሊታሰብም የሚችልበት ሁኔታ አልነበረም። በኢትዮጵያ የልደትና የሞት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. (2016) ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብም የተመሠረተው በ2011 ነበር። ስለዚህ በጅማ የሚሰማው ሥጋት የሌላ አገር ቤቶች፣ የሌላ አገር ሽቦዎችና የሌላ አገር መዝገቦች ያስገኙት ነው። አሜሪካ ውስጥ ለተመሳሳይ ኃይል በ120 ቮልት የሚያልፈው ፍሰት በ220 ቮልት ከሚያልፈው እጥፍ ሊቀርብ መቻሉ ብቻ እንኳ ንጽጽሩ በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት ያመለክታል።

ሆኖም ከጅማ አካባቢ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ጉርብትና የተገኘ የራሷ የሆነ ማስረጃ አለ። ከአዲስ አበባ በ260 ኪሎ ሜትር ርቀት የሚገኘው 184 ሜጋዋት የግልገል ጊቤ ግድብ በ2004 ሥራ ሲጀምር፣ በሸለቆው ሰፊ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተፈጠረ። በ2005 የጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዙሪያ የግልገል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከልን አቋቋመ። በ2009 የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት የ1,855 ሕፃናት ደም ተመርምሮ 194ቱ የወባ ተሕዋስ ተገኘባቸው። ከሐይቁ በሦስት ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖሩት ሕፃናት ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ከሚርቁት ይልቅ ተሕዋሱን የመያዝ ዕድላቸው 1.63 ጊዜ ሆኖ ታየ። በአንድ ወቅት የተደረገ ቅኝት ብቻውን ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ዝናብና ወቅትም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ይሁንና የጉዳቱ መንገድ ትንኝ፣ ውሃና ደም መሆኑ የታወቀ ነው፤ መከላከያውም አጎበር ነው። ስለ መግነጢሳዊ መስክ ግን ከሃምሳ ዓመት ምርምር በኋላም እንዲህ ያለ መንገድ አልተገኘም።

ከኤሌክትሪክ እጦት የሚመጣውም ጉዳት መቆጠር አለበት። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ቅኝት መሠረት ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች ኤሌክትሪክ የነበራቸው 26 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነበር። የምድጃ ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች፣ እናቶችን ለሥር የሰደደ የመተንፈሻ አካል በሽታ እንደሚያጋልጥ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው። ማከፋፈያ ጣቢያን ፈርቶ መብራት ወደሌለበት ቦታ የሚሄድ ቤተሰብ ያልተረጋገጠውን ሥጋት ሸሽቶ ወደ ተረጋገጠው ይገባል።

ከጣቢያው ጋር በቀጥታ የተያያዙ የታወቁ አደጋዎችም አሉ። አጥር ዘልሎ የሚገባ ልጅ፣ መስመር ሥር የሚሠራ ግንበኛ፣ የወደቀ ሽቦ የሚነካ መንገደኛ በንዝረትና በቃጠሎ ይጎዳል ወይም ይሞታል። በአሮጌ ትራንስፎርመሮች ዘይት ውስጥ የሚገኘው ፒሲቢ የተባለው ኬሚካል ደግሞ መርዛማና በተፈጥሮ የማይጠፋ በመሆኑ፣ በ2001 የጸደቀው የስቶክሆልም ስምምነት ይህን የያዙ መሣሪያዎች እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ ደንግጓል። ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። እንደ ጅማ ወንዝና ጉድጓድ በበዛበት አገር የዘይት አያያዝ ከመስኩ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ጉዳይ ነው።

የገዢው ጥያቄ

በኢትዮጵያ ቤት መግዛት የራሱ ታሪክ አለው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጸና። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው ቤቱንና የይዞታውን መብት እንጂ መሬቱን አይደለም። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ቦታውን ሲፈልግ በአዋጅ ቁጥር 455/1997፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1161/2012 መሠረት ካሣ ከፍሎ ማስለቀቅ ይችላል። ለመስመር ማሳለፊያ በተከለለ ቦታ ላይ ወይም ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት የገዛ ሰው ለቤተሰቡ ትልቁን አደጋ የሚገዛው እዚህ ላይ ነው። ከቤት መፈናቀል፣ ዕዳና የኑሮ መናጋት ጤናን እንደሚጎዱ ለማስረዳት አዲስ ጥናት አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የገዢው መጠይቅ አጭር ነው። አንደኛ፣ ካርታው ግቢው ከመስመሩ ክልል ውጭ መሆኑን ያሳያል ወይ? ሁለተኛ፣ መስመሮቹ ወደ ጣቢያው የሚገቡት በየት በኩል ነው? ልጆች የሚተኙበት ክፍልስ ከእነርሱ ሥር ነው ወይ? ሦስተኛ፣ የጣቢያው አጥር የተጠበቀ ነው ወይ? አራተኛ፣ የቤቱ የውስጥ ሽቦ በባለሙያ የተዘረጋና የመሬት ግንኙነት ያለው ነው ወይ? ጥርጣሬ ከቀረ መስኩን መለካት ይቻላል። የሚለካውም በቅርበት ፍርሃት ሳይሆን በማይክሮቴስላ ነው።

ማጠቃለያ

የዚህ ጥያቄ ታሪክ የሳይንስ ውድቀት ታሪክ አይደለም። አንዲት ተመራማሪ ከቤት ቤት ዞረው ያነሡት ጥርጣሬ በቸልታ ሳይታለፍ ለአሥርተ ዓመታት ተመርምሯል። ውጤቱም ጥርጣሬውን ፈጽሞ ባያጠፋውም መጠኑን አሳይቷል። ከፍ ባለ መስክ ውስጥ በሚኖሩ ጥቂት ሕፃናት ላይ የሚታይ፣ ምክንያትነቱ ያልተረጋገጠና ቢረጋገጥም ትንሽ የሆነ ሥጋት ነው።

ሐኪም ይህን ሥጋት «ምንም የለም» ብሎ መሸፈንም፣ «አይታወቅም» ብሎ ቤተሰብን በጭንቀት መተውም አይገባውም። ቤት ሊገዙ ለመጡት ከመስመሩ ሥር እንዲርቁ፣ ከጣቢያው በመጠኑ ከራቁ ግን ካርታቸውን፣ አጎበራቸውን፣ የማብሰያ ጭሳቸውንና የቤታቸውን ሽቦ እንዲያስቡ ሊመክራቸው ይችላል። ልጃቸው ታሞባቸው ለመጡት ደግሞ የ3,247 ሕፃናትን ታሪክ ሊነግራቸው ይገባል፤ ከእነዚያ ሕፃናት 3,203ቱ ቤታቸው የሚወቀስበት ምክንያት አልነበረም። የቀሩት 44ም ቢሆኑ በቤታቸው ምክንያት ስለመታመማቸው ማስረጃ አልተገኘም።